በሁለት ቤት ያደረ ብር

ቆቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እናትነሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ አባቴና እናቴ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆት በስተቀር» ይላል። እኛ በአካል ተያይተን አናውቅምና ምኑ ይናፍቀኛል ብዬ ነበር፤ ለካ ቁጣም ይናፍቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ በቴሌግራሙ የአሮጌ ብር ሰብሳቢዎች ቡድን ውስጥ «አንተ ልጅ፣ በላብ ጣትህ አትንካው፣ ጠርዙን ያዝ!» እያሉ ሲቆጡኝ ኖረው፣ ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ የሚቆጣኝ ሰው አጣሁ።

ደብዳቤዎን ተዋቸው አምጥቶልኛል። ተዋቸው ከኛ አገር ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ የአይሱዙ ሾፌር ነው። መንገዱ ሲከፈት ይሄዳል፤ ሲዘጋ ያለበት ቦታ መኪናው ሥር አንጥፎ ይተኛል። መልሴ የዘገየው በዚህ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

«ሥራ ያዝክ ወይ?» ላሉኝ፣ አልያዝኩም። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት የወረዳውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሄጄ አያለሁ። ሰሌዳውን በቃሌ ስለያዝኩት አሁን አሁን ከሩቅ አይቼው ነው የምመለሰው። አባቴ «ሰሌዳው አንተን ቀጥሮሃል እንዴ?» ይለኛል።

ስብስቤ ግን አላረፈም። መቶ አርባ ሁለት ደረሰ፣ ከሠላሳ ስምንት አገር። ከሞቃዲሾ የተመለሰ ወታደር የሶማሊያ ሽልንግ ሰጠኝ። የአክስቴ ልጅ ከየመን ስትመለስ ጫማዋ ውስጥ የደበቀችውን ሪያል፣ ላብ የጠጣውን፣ አወጣችልኝ። ጨው ይዘው ከሚወጡት አፋሮች አንዱ የጅቡቲ ፍራንክ በአንድ ባትሪ ድንጋይ ለወጠኝ። እኔ ከወልድያ አልፌ አላውቅም፤ ብሮቼ ናቸው ዓለምን የዞሩት። ማታ ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ ነው ዘርግቼ የማያቸው፣ ከሰዓት ሲሆን ቆቦ ላይ ሌላ የሚሠራ ነገር የለምና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። «የጃንሆይ ዘመን ብር እጅህ ገብቶ ያውቃል?» ብለውኝ ነበር። መልሱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በካርቶን መሀል አለልዎ። ሠላሳ ባለ አሥር ብር፣ ቀዩ፣ ደርግ የለወጠው። ስገልጠው ሁሉም ከመሀል ለሁለት የተቀደደ ነበር። ግማሹ ከአባቴ ሳጥን ሥር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተገኘ ነው፤ ግማሹ ከሌላ ቤት። ብሩ ላይ ቁጥሩ በግራም በቀኝም ስለሚገኝ ቁጥር ከቁጥር እየተመሳሰለ ሠላሳውም ገጠመ። የተመሳሰለበትን ሰንጠረዥ ከብሩ ሥር ያገኙታል። በዱቄት ሙጫ ነው ያጣበቅሁት። አይቆጡኝ! ወይም ይቆጡኝ፣ ግን ይጻፉልኝ።

የነገሩኝ የባንክ ሙዚየም እውነት ሰው ከፈለገ፣ ይህን ያሳዩልኝ። ወላሂ እዚህ አንድ ክረምት ብጨምር እንደ ሰሌዳው ቀለሜ ይለቃል።

ታዛዥዎ ፈሪድ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ፈሪድ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር የታመመ የለም። ካርቶኑ ደርሶኛል። ያ ሾፌርህ በሬ ላይ ቆሞ «እማማ፣ ልጁ ወርቅ ነው የላከልዎ ወይስ ቦምብ? ‘አታርጥበው፣ አትቀመጥበት’ ብሎ መንገዱን ሙሉ ቂጤን ሳላሳርፍ ነው የመጣሁት» አለኝ። ኬላ ላይም ሦስቴ ከፍተው አይተው «ይሄማ የሞተ ብር ነው» ብለው ሳቁበት አለ።

በመጀመሪያ ልቆጣህ። ሙጫ? ከየት የተማርከው ነው? የዱቄት መሆኑ አተረፈህ እንጂ ፕላስተር ብትለጥፍበት ኖሮ ይህን ደብዳቤ አታየውም ነበር።

ቀጥሎ ልመርቅህ። ሰንጠረዡን ሳየው ከወንበሬ ተነሣሁ። ባለ አምስት ዓምድ፣ የቁጥሩ፣ የፊርማው፣ የቅዳዱ ቅርጽ ሳይቀር! ቁጥር ስትጽፍ ከደብዳቤህ ይልቅ እጅህ ያምራል፣ ታውቃለህ? ይዤ ወደ ባንኩ ሄድኩ። አሮጌውን ገንዘብ በመስታወት አድርገው ለሕዝብ ሊያሳዩ ነው፤ ኃላፊው ሰለሞን ይባላል፣ እኔ ያሠለጠንኩት ልጅ ነው። ብሩን አንድ ጊዜ፣ ሰንጠረዡን አራት ጊዜ አየ። «ይህን የሠራ ሰው የት ነው ያለው?» አለኝ። ቆቦ አልኩት። «ከጥር መጨረሻ በፊት በአካል ይምጣ፤ መዝገብ የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ደሞዙ የሚያኖር ነው። ማደሪያ እስክታገኝ እኔ ጋ ክፍል አለ፤ ልጆቼ ወጥተው አልቀዋል።

አሁን ደግሞ ጠይቄህ ያልመለስክልኝን ልጠይቅህ። ሠላሳ አራት ዓመት የገንዘብ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ። አይጥ የበላው ብር አይቻለሁ። ከሱሪ ጋር የታጠበ አይቻለሁ። ባልና ሚስት ተጣልተው የቀደዱትን አይቻለሁ፤ እሱ አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት ነው፣ ቅዳዱም ወዲያና ወዲህ ነው። ሠላሳ ብር በአንድ እጅ፣ በአንድ ቦታ፣ ቀጥ ብሎ ተቀድዶ አላየሁም። ይህን የቀደደ ሰው አልተናደደም ልጄ፤ አስቦበት ነው። ማን ነው? ለምን ቀደደው? «ሌላ ቤት» ያልከውስ የማን ቤት ነው?

ሰለሞን መስታወቱ ሥር ካርድ ላይ የሚጻፍ ታሪክ ይፈልጋል። እኔ ግን ለካርዱ ብዬ አይደለም የምጠይቅህ። አባትህ ያውቃል?

እናትነሽ


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ እናትነሽ፣

ሰላም ነዎት? እኛ ደህና ነን። አባቴም ደህና ነው። ማሽላው ገብቷል።

ስለ ሥራው አላህ ይስጥልኝ፤ ምን እንደምል አላውቅም። ለመምጣት እየተዘጋጀሁ ነው። መንገዱ ግን እንደሚያውቁት ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። በዱቄት ሙጫ የተጣበቀ ወረቀት ሳይጎዳ መልሶ ይላቀቃል? ሲላቀቅ የቅዳዱ ጠርዝ እንደ ድሮው ይሆናል፣ ወይስ ይለወጣል? ሌላው፣ ብሩ መስታወት ውስጥ ገብቷል ወይ? ካልገባ ትንሽ ቢቆይልኝ።

ደብዳቤው ስላጠረ አይቀየሙኝ። ወረቀት ለመግዛት ሱቅ መሄድ አልተመቸኝም።

ፈሪድ


አዲስ አበባ፣ ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፈሪድ፣

ይህን ደብዳቤ አንተ አልጻፍከውም። እጅህ ጽፎታል፣ አንተ ግን ውስጡ የለህም። አራት ገጽ የማይበቃው ልጅ «ማሽላው ገብቷል» ብሎ ዝም? ሱቁ ከቤትህ ማዶ ነው ብለህ የነገርከኝ አንተው አይደለህም?

ተዋቸውን ሻይ አስቀምጬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለ። ሁለተኛውን ሻይ ሳቀርብለት «እማማ፣ ልጁ ከግቢ አይወጣም። ደብዳቤውንም በአጥር ቀዳዳ ነው የሰጠኝ» አለኝ። ሦስተኛውን ሳቀርብለት ብድግ ብሎ ሄደ፤ የፈራው ነገር አለ።

አሁን እኔም የደበቅሁህን ልንገርህ። ብሩ መስታወት ውስጥ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። አስቀድሜ ያልነገርኩህ እዚህ ስትመጣ ድንገት እንድታየው ብዬ ነው። ሥሩ ካርድ አለ፣ «በፈሪድ ሙሀመድሰይድ፣ ከቆቦ የተሰበሰበና የተመሳሰለ» ይላል። የካቲት መጀመሪያ ላይ ይከፈታል፣ እንግዳ ተጠርቷል።

ይላቀቃል ወይ ብለሃል፤ አዎ፣ ይላቀቃል። እኔ ግን አንተ ሳትነግረኝ አንዲቱን አልነካም። የሰው ገንዘብ ሰርቀህ ነው? ሰርቀህም ቢሆን ንገረኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የጎደለ ሒሳብ ሳይ ኖሬአለሁ፤ የሚያስደነግጠኝ የጎደለው አይደለም፣ ዝም የተባለው ነው።

እናትነሽ


ቆቦ፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ እናትነሽ፣

አልሰረቅሁም። ብሰርቅ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ይክሳል፣ ይታሰራል፣ ይወጣል።

እኛ አገር ሰው ሲገደል ነገሩን የሚይዙ ሽማግሌዎች አሉ፣ አቦጋር እንላቸዋለን። በሁለቱ ወገን መሀል ገብተው ደም ያደርቃሉ። የገዳይ ወገን ለሟች ወገን የሚከፍለው ጉማ ይባላል። ይህን ሁሉ በወሬ አውቀው ነበር፣ ሰው እንደሚያውቀው። የኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር አለበት ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የአጎቴ ልጅ በሰው የውሃ ተራ የጉድጓዱን ውሃ ወደ ሽንኩርቱ መለሰው። ተራው የመንደራችን ሰው የፈንታው ቤት ነበር። አካፋ ተማዘዙ፤ የፈንታው ልጅ ራሱን ተፈነከተ። አልሞተም፣ ሦስት ስፌት ነው። ለወትሮው ተራ የሚያስከብረው የውሃ አባት ቀጥቶት የሚያልቅ ነገር ነው። ግን አባ ሙላው፣ ትልቁ አቦጋር፣ በዱላው እየዳሰሰ እኛ ቤት ድረስ መጣና ደጃፍ ላይ ቆሞ «ሙሀመድሰይድ፣ ወረቀቱን አውጣ» አለው አባቴን።

አባቴ ሳጥኑን ከፈተ። ነጩ ጨርቅ አለ፣ እጥፋቱም እንዳለ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው።

«ምንድን ነው የጠፋው?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«የሰው ነፍስ» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት የአያቴ ወንድም የፈንታውን አባት ከብት ማጠጫ ላይ ገደለ። ጉማው ሦስት መቶ ብር ተቆረጠ፣ ያኔ ብዙ ነው። ሁለቱ ቤቶች ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ታርቀው፣ ጉማው ተበልቶ፣ ከተበላ በኋላ «አልተቀበልንም» ተባብለው ነበር። ስለዚህ የዚያን ጊዜ አቦጋሮች አንድ ነገር አሰቡ። ገንዘቡን ሁሉ ሰው ፊት ከመሀል ቀደዱት። ግማሹ ለሟች ቤት፣ ግማሹ ለገዳይ ቤት። አንዱ ብቻውን ሊያወጣው አይችልም፣ አንዱም አልተቀበልኩም ሊል አይችልም። ሁለቱ ቤት ሲጋጭ ግማሾቹ ወጥተው ይገጥማሉ፣ ሰው አይቶ ይበተናል። አባ ሙላው ያን ጊዜ ብሩን በሁለት ጣቱ ይዞ የቀደደው ጎረምሳ ነበር። እርስዎ «አስቦበት ነው» ያሉት ሰው እሱ ነው።

ሌላም ቃል አስገብተዋል፣ ለልጆች አይነገር ብለው። ነገር የሰማ ልጅ ነገር ይወርሳል ብለው ነው። አልተነገረንም፣ አልወረስንም፣ አውጥተን ላክነው።

«አውጥተን ላክነው» ያልኩት ብቻዬን ስላልሆንኩ ነው። ሌላው ቤት የማን ነው ብለውኝ ነበር፤ የፈንታው ቤት ነው። ሴት ልጁ የሻረግ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተማረች ናት፣ በስታቲስቲክስ ተመርቃ እንደኔው ሰሌዳ የምታይ። አንድ ቀን ሰሌዳው ሥር ቆመን አንዱን ግማሽ ብር ባሳያት «እንዴ! ይሄማ እኛም ቤት አለ፣ ከአያቴ ሙዳይ ውስጥ» አለች። በነጋታው ሠላሳውን በደብተር መሀል አድርጋ አመጣችው። እንዴት እንደሳቅን! ሁለት ዲግሪ ይዘን፣ ሁለት ቤት ከፍተን፣ አንዳችን እንኳ «ለምን?» ብለን ቤተሰብ አልጠየቅንም።

አሁን የነሱም ሙዳይ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል። ፈንታው «እነዚያ በእጅ አዙር ሰርቀው ደሙን ሊክዱ ነው» ይላል። ለአባቴ የሠራሁትን ነግሬዋለሁ። አልመታኝም። «ልከነዋል ብንል የሰው ደም ሸጡ ይባላል። ዝም በል» አለኝ። ለአባ ሙላው «ቦታ ቀይረንለታል፣ እናመጣዋለን» ብሏል። አባ ሙላው ያመነው አይመስለኝም፤ ግን እስከ የካቲት ሃያ አንድ ቀን ሰጥቶናል። እስከዚያ የኛ ቤት ወንድ ከአጥር አይወጣም። ወረቀቱ ከሌለ እርቁ የለም፣ እርቁ ከሌለ የፈንታው ልጅ ሱቅ ስሄድ አግኝቶ ያሻውን ቢያደርገኝ ማንም አይፈርድበትም።

ግቢያችንን ለክቼዋለሁ። በርዝመት አርባ አንድ እርምጃ፣ በወርድ ሃያ ስድስት። ሰኞ ዕለት የሻረግ ከእናቴ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በቁልቋሉ አጥር በኩል «አንተ፣ ሠላሳ ስምንት አገር አለኝ የምትለው ሰውዬ፣ ቁልቋል ማለፍ አቃተህ?» አለችኝ። ልትስቅ ነበር፣ አልሆነላትም። «እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች። አይሆንም አልኳት። «እስኪመጣ ዝም በይ» አልኳት፣ እንደ አባቴ።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ። ለያይተው ይመልሱልኝ። እንግዳ መጠራቱን አውቃለሁ። ካርዱ ላይ ስሜ መኖሩን ካነበብኩ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳፍረኛል፣ እሱን አሁን ለመጻፍ ድፍረቱ የለኝም።

ፈሪድ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ከዚህ ጋር ሁለት ፖስታ አለ። በአንደኛው የአባትህ ቤት ሠላሳ ግማሽ፣ በሁለተኛው የፈንታው ቤት ሠላሳ ግማሽ። እንዳታቀላቅላቸው፣ ለዚህ ብዬ በሰማያዊና በቀይ ክር አስሬአቸዋለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዐውደ ርዕዩ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሰለሞን ጋ ሄጄ መስታወቱን ክፈት አልኩት።

«እማማ፣ ነገ እኮ እንግዳ ይመጣል!»

«እንግዳው ያላየውን አይናፍቅም» አልኩት።

«በቦታው ምን ላድርግ?»

«ባዶውን ተወው።»

ደብዳቤህን እንዳነብለት ለመነኝ፣ ነገሩን ብቻ ነገርኩት። ቁልፉን አወጣ። ካርዱን ገልብጦ «ባለቤቶቹ ወስደውታል» ብሎ ጻፈበት። ሰዎቹ በማግሥቱ ከሁሉ ይልቅ ባዶው ቦታ ፊት ቆመው ሲያወሩ ዋሉ አለኝ።

አሁን የምነግርህ የሚያሳፍረኝ ነው። ብሩ እጄ ከገባ በኋላ አራት ቀን አስቀመጥኩት። በእርጥብ ጥጥ ጠርዙን ማራስ፣ መጠበቅ፣ ሙጫው ሲለሰልስ መላቀቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሀል ማድረቅ ነው፣ የሁለት ቀን ሥራ። አራት ቀን ግን አልጀመርኩም። ሰው ሊሞት እንደሚችል እያወቅሁ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ሙሉ ሆኖ እንዴት ያምር ነበር! እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ሰብሳቢ የሚባል ሰው ሙሉ ነገር ሲያይ ዓይኑ ይታወራል። አራቱ ቀን ከመንገዱ ጋር ተደምሮ ካዘገየህ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለአባ ሙላውም እንዲህ በለው።

የአራት ብሮች ጠርዝ ትንሽ ለስልሷል። ከዚህ የተሻለ ማንም አይሠራውም።

ስለ ሥራው። ጥር አልፏል፤ አልቋል ብዬ ነበር። ሰለሞን ግን «እኔ የምፈልገው ብሩን ያገኘውን አይደለም፣ ያን ሰንጠረዥ የሠራውን ነው። እስከ መጋቢት አጋማሽ ቦታውን እይዝለታለሁ» ብሎኛል። ይህ ነገር ሲያልቅ መንገድ እንዳገኘህ ና። ክፍሉን አስጠርጌዋለሁ።

የሚያሳፍርህን ሌላ ነገር ሳትጽፍልኝ ቀርተሃል። ስትመጣ ትነግረኛለህ፣ ወይም አትነግረኝም።

እናትነሽ


ቆቦ፣ የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ እናትነሽ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎን አላህ ያሽርልዎ። ሰው አልሞተም። ይህን መጀመሪያ ልጻፍ ብዬ ነው።

ተዋቸው ፖስታዎቹን ይዞ የደረሰው የካቲት ሃያ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። መርሳ ላይ ሁለት ሌሊት አግደውታል። በአጥሩ አልሰጠኝም፤ በሩን በእግሩ መትቶ ገብቶ አባቴ እጅ ላይ አኖረውና ወንበር ሳይጠይቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁሉን ያውቅ ነበር ለካ። ቀይ ክር የታሰረውን የሻረግ በነጠላዋ ይዛ ወደ ሙዳዩ መለሰችው።

በማግሥቱ ከመስጊዱና ከቤተ ክርስቲያኑ መሀል ያለው ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። ከሁለት ወር በኋላ ከአጥር ስወጣ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የሜዳው ስፋት ነው። አባ ሙላው ዓይኑ ደክሟል። ግማሹን በቀኝ፣ ግማሹን በግራ ይዞ ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ አንድ በአንድ ገጠመ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ቆመ።

«ይሄ ለስልሷል» አለ። «ማን አጠበው?»

አባቴ አቀረቀረ። እኔ አፌን ስከፍት ከሴቶቹ በኩል የሻረግ ተነሣች።

«እኔ ነኝ ከሙዳይ ያወጣሁት። ማንም አልሰረቀንም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ አባቷ ፈንታው።

«ማንም ስላልጠየቀኝ ነው የተነሣሁት።»

ከዚያ እኔም ተነሥቼ የቀረውን ነገርኩ፣ ስለ ቴሌግራሙ፣ ስለ ሙጫው፣ ስለ እርስዎም፣ አራቱን ቀን ሳይቀር። አባ ሙላው አራቱን ቀን ሲሰማ «ሴትዮዋ እውነተኛ ናት» አለ። ከዚያ የቀሩትን ሦስት ገጠመ። ፈንታውና አባቴ ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። የተፈነከተው ልጅና የአጎቴ ልጅም ተሳሳሙ፣ ፊታቸው ግን ገና ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን ያላሰብኩት ነው። አባ ሙላው ሁለቱንም ጥቅል ይዞ «ያልተነገረው ልጅ አወጣው። እንግዲህ የተነገረው ልጅ ይጠብቀው» አለ። የነሱን ለተፈነከተው ልጅ ሰጥቶ የኛን ጥቅል እኔ እጅ ላይ አኖረው። ጠባቂ የሆነ ሰው በጠሩት ሰዓት መገኘት አለበት፤ በሰሜን ከዋጃ፣ በደቡብ ከሮቢት ወዲያ ማደር አይችልም።

«ለአንድ ዓመት?» አልኩት።

«እስክሞት» አለኝ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ስሞትም የሚቀጥለው አቦጋር ይወስናል» ብሎ ጨመረ።

አባቴ ሊከራከርልኝ ተነሣ፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። አልተቀበልኩም ብል ሌላ ማን ነው የሚቀበለው? አጥሩ ሰፋ እንጂ አልፈረሰም፣ እትዬ። አሁን ከዋጃ እስከ ሮቢት ድረስ ነው። በባጃጅ እየሄድኩ ጫፍ ጫፉን አይቼዋለሁ። ሮቢት ላይ አውቶቡሶቹ ሲያልፉ የተሳፋሪውን ፊት በመስኮት ማየት ይቻላል።

ስለዚህ አልመጣም። ክፍሉን ስላስጠረጉልኝ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ያፈርኩበትን ልጻፈው። ሰንጠረዡን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ቁጥሩን ከቁጥር ያመሳሰለችው፣ አምስቱን ዓምድ ያሰመረችው፣ የቅዳዱን ቅርጽ የለየችው የሻረግ ናት። እኔ ሙጫውን ነው የሠራሁት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ «ተመሳሰለ» ብዬ አለፍኩት፣ ማን እንዳመሳሰለው ሳልናገር። እርስዎ ሲያመሰግኑኝ ሳላስተባብል ቀረሁ። ሰለሞን «ያን የሠራውን ሰው» ሲልም ዝም አልኩ። መውጫዬ ያ ነበርና፣ እትዬ። መውጫ ያየ ሰው ማን እንደከፈተው አይጠይቅም።

አባ ሙላውን «የሻረግስ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ሴት በደም አትያዝም፤ የት ትሄዳለች ብለን ነው የምንይዛት?» አለኝ። እንደ ስድብ ነው የተናገረው፣ እኔ ግን እንደ ማለፊያ ወረቀት ተቀበልኩት።

ይህን ደብዳቤ የያዘችልዎት እሷ ናት። ተዋቸው ጋቢና አስቀምጧታል። አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ሥራ ልትፈልግ ነው የምትመጣው፤ ስለ ሰለሞን ቦታ አልነገርኳትም። ብነግራት «ያንተ ነው» ብላ ከመኪናው ትወርዳለች፣ አውቃታለሁ። የያዘችውን ደብዳቤ የይቅርታ ደብዳቤ ነው ብዬ ነው የሰጠኋት፣ ውሸትም አይደለም። ስብስቤን ግን አልላክሁም። ደግነቴ እዚያ ድረስ አልደረሰም።

ስትደርስ እግሯን ታሳርፍና «ሰንጠረዡን ማን ሠራው?» ብለው ይጠይቋት። እኔ ነኝ ካለች ደህና። ፈሪድ ነው ካለች ግን አይከራከሯት። የተቀደደ ብር ከጠረጴዛዎ አያጡምና ፊቷ ያስቀምጡላትና ዝም ብለው እጇን ይዩት።

ተዋቸው ጡሩምባ እየነፋ ነው። እስከ ሮቢት ድረስ አብሬአቸው እሳፈራለሁ።

ፈሪድ